ሳይኮሎጂ የተመረቀው ወንድማችን ምን ያውቃል?



ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በየዓመቱ የምርቃት ሰሞን መስጂዳችን በር ላይ አንድ ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። «የእከሌ ልጅ ተመረቀ፣ ማሻ አላህ!» ይባላል። «በምን?» «በሳይኮሎጂ።» ከዚያ ትንሽ ዝምታ ይሆናል። ኢንጂነር ቢሆን ቤት ይሠራል፣ ነርስ ብትሆን መርፌ ትወጋለች፣ አካውንታንት ቢሆን ሒሳብ ይይዛል። ሳይኮሎጂ ሲባል ግን አንዱ «እንግዲህ ዓይናችንን እያየ ሐሳባችንን ሊያነብ ነው» ብሎ ይስቃል። ሌላው «የፈረንጅ ወሬ ነው፣ ተወው» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ ልጁን ለብቻው ጠርታ «የኔ ልጅ፣ እህትህ ከክፍሏ አልወጣም ካለች ሦስት ወሯ ነው፤ እስቲ መጥተህ እያትና መላ በላት» ትለዋለች።

የሚስቀውም፣ የሚንቀውም፣ የምትለምነውም ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲማር እንደቆየ አያውቁም። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። የኢማማችን ረዳት ነኝ፤ ከሶላት በኋላ ሰው ችግሩን ይዞ የሚጠጋው መጀመሪያ ወደ እኔ ነው። የሚመጣው ጉዳይ ሁሉ የፊቅህ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ አለ፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ አለ፣ «ድግምት ነው» የተባለ አለ፣ ከሚስቱ ጋር መነጋገር ያቃተው አለ። ሩቅያ የሚቀራለት ይቀራለታል። ወደ ሐኪም መሄድ ያለበትን ደግሞ ወደ ማን እንደምንልከው ማወቅ አለብን። እናም «ሳይኮሎጂ የተመረቀው ወንድማችን ምን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የወሬ ጥያቄ አይደለም። አንድ ሰው ዐደራ ብሎ የሰጠኝን ጉዳይ ለማን ነው የማስተላልፈው የሚል ጥያቄ ነው።

የሰፈራችን አንድ ወንድም ለመውጫ ፈተናው ሲዘጋጅ ብዙ ነገር ያየሁት ያኔ ነው። ቤታቸው ጠባብ ነው፣ ሦስት ታናናሾች አሉት፣ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ስለዚህ ከዐስር እስከ መግሪብ የመስጂዳችን የኪታብ ክፍል ውስጥ እየመጣ ያነብ ነበር። እኔ የማታውን ደርስ አዘጋጃለሁ፣ እሱ ጥያቄ ይሠራል። ሲደክመው ያወራኛል።

መጀመሪያ የገረመኝ የተማረው ነገር ዓይነት ነው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ማከም የሚማሩ ነበር የሚመስለኝ። እንደዚያ አይደለም። የሰው ልጅ ከማህፀን እስከ እርጅና እንዴት እንደሚያድግ፣ ሰው እንዴት እንደሚማርና እንደሚረሳ፣ ሰው በቡድን ውስጥ ሲሆን ለምን ለብቻው ሲሆን የማያደርገውን እንደሚያደርግ ይማራሉ። የአእምሮ ሕመም ዓይነቶችን ይማራሉ፣ የምክክር አገልግሎት መሠረቱን ይማራሉ። ከዚያ ደግሞ ስታትስቲክስ! የምርምር ዘዴ! የሥነ ልቦና ፈተና እንዴት እንደሚዘጋጅና እንደሚመዘን! በመጨረሻም የራሳቸውን ትንሽ ጥናት ሠርተው ያቀርባሉ። «ኡስታዝ፣ ከሒሳብ ሸሽቼ የገባሁበት ዲፓርትመንት ሒሳብ ይዞ ጠበቀኝ» ብሎኛል፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ግን ገባኝ። ይህ ትምህርት ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆነ የሚባለው እ.ኤ.አ በ1879 ቩንት የተባለ ጀርመናዊ ላይፕሲግ ከተማ ውስጥ ቤተ ሙከራ ሲከፍት ነው። የሥራው ጅማሬ መለካት እንጂ ማከም አልነበረም። ሰውን ማከም በኋላ የመጣ ቅርንጫፍ ነው፤ እሱም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ትምህርትና በባለሙያ ሥር የሚደረግ ልምምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ያቺ እናት የጠራችው ልጅ ሐኪም አይደለም። ለሐኪምነት የሚያበቃውን መንገድ መግቢያ የተማረ ሰው ነው። በእኛ አባባል፣ ነሕው የቀራ ሰው ሙፍቲ አይባልም። ነሕው ሳይቀሩ ሙፍቲ መሆንም የለም።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ተማረ እንበል። መማሩ በምን ይታወቃል?

በሀገራችን ከ2015 ዓ.ል ጀምሮ ማንም ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ሳይኮሎጂም እንደዚያው። በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ዙር በሐምሌ 2015 ሲሰጥ፣ በሁሉም የትምህርት ዓይነት ከተፈተኑት መካከል ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ያኔ ስንት ቤት እንደተለቀሰ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ድግስ ተደግሶ፣ ጋውን ተከራይተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ከዚያ «አላለፍክም»።

እኔ ፈተናውን ከሚረግሙት ወገን አይደለሁም። አንድ ከተማ ውስጥ «ኤ» የሚሰጥበት ሥራ ሌላ ከተማ ውስጥ «ሲ» ሲሆን፣ ዲግሪ የያዘ ሁሉ እኩል ተምሯል ማለት አይቻልም። ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ፊት መቀመጣቸው ፍትሕ ነው። ኮምፒውተሩ የማን ልጅ እንደሆንክ አያውቅም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን አንድ ቀን ያ ወንድማችን ከሚሠራቸው ጥያቄዎች አንዱን አነበበልኝ። አንድ አስተማሪ በደንብ የተሳተፉ ተማሪዎችን ከቤት ሥራ ነፃ ቢያደርጋቸው ይህ ምን ይባላል የሚል ነው። አራት ምርጫ አለው። ልጁ ሳያመነታ «ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት» አለ። ትክክል ነው። እኔ «ኔጌቲቭ ካለ ቅጣት ነው እንዴ?» አልኩት። «ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አለና አስረዳኝ። ኔጌቲቭ እዚህ መጥፎ ማለት አይደለም፣ መቀነስ ማለት ነው። ሰውየው መልካም ሥራ ሲሠራ የሚከብደውን ነገር ከላዩ ታነሳለታለህ፤ ሥራውን ይደግመዋል። ቅጣት ግን የሚሠራውን እንዲተው ነው። ማሻ አላህ፣ ጥሩ አስረዳኝ።

«እሺ፣ እኛ መድረሳ ውስጥ ይሄ የት አለ?» አልኩት።

ዝም አለ። መጀመሪያ «አለንጋው» አለ። «እሱማ አሁን ራስህ ቅጣት ያልከው ነው» አልኩት። እንደገና ዝም አለ። ሦስት አራት ደቂቃ ሳይሆነው አይቀርም። ሐሙስ ነበር፣ ግቢው ውስጥ ልጆች ይጠርጋሉ። በመስኮት ሲያያቸው ቆየና ድንገት ዘሎ ተነሳ። «ኡስታዝ! መጥረጊያው!» በእኛ መድረሳ የሳምንቱን ትምህርት በትክክል ያስረከበ ልጅ ሐሙስ ግቢ ከመጥረግ ነፃ ይሆናል። ያልያዘው ይጠርጋል። ይኸው፣ የሚከብደውን ማንሳት። መልሱን አገኘ።

ግን አልቆመም። ፊቱ ትንሽ ከበድ አለና «ኡስታዝ፣ እንደዚህ ከሆነ እኮ የአላህን ቤት መጥረግ ሰው የሚያመልጠው ሸክም ነው ብለን እያስተማርናቸው ነው» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ እዚያ መድረሳ ውስጥ ስንት ኡስታዝ አለፈ፣ ይህን ነገር ማንም አላየውም። ይህ ልጅ አየው። ከየት አመጣው? ከተማረው ነው። ከመቶው ጥያቄ ግን የትኛው ነው ይህን የሚለካው? ምርጫ «ለ»ን ማጥቆር የሚያውቅና መስኮት አሻግሮ አይቶ ይህን ማለት የሚችል ሰው እኩል አንድ ነጥብ ነው የሚያገኙት። (ነገሩን ለመድረሳው ኡስታዝ ነገርነው። አሁን ሐሙስ መጥረጊያ የሚይዙት ትምህርታቸውን ቀድመው ያስረከቡት ናቸው። ልጆቹ ለጊዜው ግራ ገብቷቸዋል።)

የሚገርመው ይህንን ችግር በደንብ የሚያስረዱት ራሳቸው የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርታቸው ነው። ማንኛውም መለኪያ ሁለት ነገር ይጠየቃል ይላሉ። አንደኛው ደጋግመህ ብትለካበት ያንኑ ውጤት ይሰጣል ወይ ነው። ሁለተኛው ልለካ ያልከውን ነገር ነው ወይ የሚለካው ነው። ገበያ ሄዳችሁ በርበሬ ስትገዙ አስቡት። ሁልጊዜ 200 ግራም አሳንሶ የሚመዝን ሚዛን ወጥ ነው፣ አያወላውልም፣ ግን ውሸታም ነው። አላህ ሚዛንን ስለማጉደል በቁርኣን ምን ያህል እንደተናገረ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሱራ በእነርሱ ስም ተሰይሟል። ፈተናም ሚዛን ነው። የመውጫ ፈተናው የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ ይመልሳል ብዬ አስባለሁ። በሁለተኛው ላይ ነው እኔ የምጠይቀው። ትርጉም ማወቅን ይለካል፣ እሺ። የሚያለቅስ ሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ መቻልንስ?

እዚህ ላይ አንዳንዱ ወንድም «አየህ፣ የእኛ የመድረሳ አሠራር ይበልጣል» ሊል ነው። ትንሽ ቆይ፣ አኺ።

እውነት ነው፣ እኛ ጋ ደረሳው ሸኹ ፊት ይቀመጣል። ኪታቡን ይቀራል፣ ሸኹ ያስቆመዋል፣ «ይህ ዶሚር ወዴት ይመለሳል?» ይለዋል፣ ይመልሳል፣ ይቀጥላል። አንድ ኪታብ ሲያልቅ ሸኹ ልጁን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። አደቡን ያውቃል፣ ሌሊት መነሳቱን ያውቃል፣ ሲናደድ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ኢጃዛ ሲሰጠው በዚህ ሁሉ ላይ ነው የሚመሰክረው። ይህን የሚያህል ምዘና የትም የለም፤ በዚህ እኮራለሁ። ግን አንድ ሸኽ በሕይወቱ ስንት ደረሳ እንደዚህ ያውቃል? ሸኹ ልጁን ከወደደው ወይም ከጠላውስ ማን ያርመዋል? ደግሞም መሸምደድ የዩኒቨርሲቲ ብቻ በሽታ አይደለም። አጅሩሚያን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ የሚያንበለብል፣ ግን አንድ የዐረብኛ ጋዜጣ ዐረፍተ ነገር ፊቱ ሲቀርብለት ባለቤቱን ከተሳቢው የማይለይ ሰው እዚሁ መካከላችን አለ። እኛም መትን መያዝንና መረዳትን አንድ አድርገን ቆጥረናል። ስለዚህ መዘባበቱን እንተወው።

ይልቅ ሌሎች ይህን ችግር እንዴት እንደያዙት ጠይቄ ነበር። የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን ይዞ መውጣት አለበት የሚል መመሪያ አለው። እ.ኤ.አ በ2007 ሲወጣ ዐሥር ግቦች ነበሩት፤ በ2013 ሲያሻሽሉት አምስት አደረጓቸው፤ በ2023 እንደገና ከልሰውታል። የ2013ቱን አምስቱን ልንገራችሁ። የትምህርቱ እውቀት፣ ሳይንሳዊ ጥያቄና ነገርን መርምሮ ማሰብ፣ ሥነ ምግባርና ማኅበራዊ ኃላፊነት፣ ሐሳብን ለሌላ ማስተላለፍ፣ ለሥራ ዓለም መዘጋጀት። ልብ በሉ፣ ከአምስቱ «እውቀት» የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። በምርጫ ጥያቄ በቀላሉ የሚለካውም እሱ ነው። አራቱ ሌላ ሚዛን ይፈልጋሉ። ተማሪው የጻፈውን ጥናት አንብቦ፣ ሲያቀርብ ሰምቶ፣ ልምምድ ላይ ሲሠራ አይቶ የሚመዝን ሰው ይፈልጋሉ። እነርሱም ቢሆኑ በአገር ደረጃ የሚሰጥ የምርጫ ፈተና አላቸው፣ ኮሌጆቻቸው ይጠቀሙበታል። ነገሩ አንዱን ጥሎ አንዱን መያዝ አይደለም።

ስለ ሁለተኛው ግብ፣ መርምሮ ስለማሰብ፣ አንድ ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ። የሳይኮሎጂ ተመራቂ ስታገኙ «ሰው ከአእምሮው 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ አይደል?» በሉት። «አዎ» ካለ ትምህርቱ ጆሮው ላይ ቀርቷል። ይህ ተረት ነው። አእምሮ ሁሉም ክፍሉ ሥራ አለው፤ ተኝተን እንኳ ይሠራል። ትንሽ ቦታ ላይ የሚደርስ ጉዳት እንኳ ሰውን ንግግር ሊያሳጣ ይችላል። (ይህን የ10 በመቶ ወሬ ዳዕዋ ላይ ማይክ ይዘው የአላህን ተአምር ለማሳየት የሚናገሩ ወንድሞች አሉ፤ ባረከላሁ ፊኩም፣ የአላህ ተአምር የሐሰት ማስረጃ አያስፈልገውም።) «አንዱ ልጅ በዓይኑ፣ አንዱ በጆሮው ነው የሚማረው፤ እንደየዓይነቱ ካላስተማርከው አይገባውም» የሚለውም እንደዚያው ነው። ሰፊ ዝና አለው፣ ተመራማሪዎች ማስረጃውን ሲፈትሹ ግን የሚይዝ ነገር አላገኙበትም።

ወንድማችን ይህን አለፈ። 10 በመቶውን ስጠይቀው እንደመሳቅ አለ። የወደቀበት ሌላ ነው፣ እሱም አስገራሚ ነው። የማስታወስ ሳይንስን የተማረ ልጅ ለፈተና የሚዘጋጀው ሞጁሉን በቢጫ ቀለም እያሰመረ፣ ደግሞ ደጋግሞ እያነበበ ነበር! ኤቢንግሃውስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ በ1885 ትርጉም የሌላቸው ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ሰው የያዘውን ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ለክቷል፤ ልጁ ይህን ያውቃል። በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ወገን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ዘግተው ያስታወሱት በለጡ። ይህንንም ያውቃል፣ ጥያቄ ቢመጣ ይመልሳል።

«ታድያ ለምን አትዘጋውም?» አልኩት።

ይህን የቁርኣን ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ሙስሐፉን ዘግተህ ጓደኛህ ፊት ካልቀራኸው አልያዝከውም። ሙራጀዓ የሚባለው ይኸው ነው። ትናንት የያዝከውን ዛሬ፣ ከሳምንት በፊት የያዝከውን ነገ፣ ዘግተህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞጁሉን ይዘጋና ለእኔ ያስረዳኛል። እኔ የማላውቀው ነገር ስለሆነ የገባኝ እንደሆነ እሱም ገብቶታል ማለት ነው። ለመውጫ ፈተና የምትዘጋጁ ወንድምና እህቶች፣ የትኛውም ትምህርት ይሁን፣ ይህን ሞክሩት። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የጥያቄ ክምር መልሱን እያዩ ማንበብ ግን መዘጋጀት አይደለም፤ ሰው የቀራውን ቁርኣን መስማት ሒፍዝ እንደማይሆነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ሥነ ምግባር ወደሚባለው።

ስሙንም ሰፈሩንም የማልጠቅሰው አንድ አባት መስጂዳችን ይመጣሉ። ውዱእ ላይ ይቆያሉ። ትንሽ አይደለም፣ ኢቃም ተብሎ ሁለት ረከዓ እስኪያመልጣቸው ድረስ ይቆያሉ። ክንዳቸውን ያጥባሉ፣ «አልደረሰም» ይላሉ፣ ይደግማሉ። እጃቸው ቆስሏል። ከሶላት በኋላ ወደ ኢማማችን ይጠጋሉ፤ «ሸኻችን፣ ውዱኤ ተይዟል?» ኢማማችን በትዕግሥት «ተይዟል አባቴ፣ ይቂን በጥርጣሬ አይነሳም» ይሏቸዋል። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ሶላት ይመለሳሉ። በየቀኑ።

ወስዋስ መሆኑን እናውቃለን። ዑለማዎቻችን ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። ኢብኑል ጀውዚ ተልቢስ ኢብሊስ ላይ የውዱእ ወስዋስ ያለባቸውን ገልጿል፤ ኢብን ሐጀር አልሀይተሚ መድኃኒቱ ፈጽሞ ፊት መንሳት ነው ብሏል። ከእነርሱም በፊት በ322 ዓመተ ሒጅራ የሞተው አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ወስዋስን፣ ንዴትን፣ ፍርሃትንና ሐዘንን አንድ በአንድ ለይቷል፤ ሐዘንንም ምክንያቱ የሚታወቅና የማይታወቅ ብሎ ከፍሎታል። ሱዳናዊው የሳይኮሎጂ ምሁር ማሊክ በድሪ፣ ረሒመሁላህ፣ ይህን የመጽሐፉን ክፍል በእንግሊዝኛ አውጥተውታል። ወንድማችን በአራት ዓመት ትምህርቱ የአልበልኺን ስም አልሰማም ነበር። ይህ ያሳዝነኛል፤ ግን የእኛ መድረሳ ልጆችም አልሰሙትም፣ ስለዚህ የምንካፈለው ጉድለት ነው።

አባትየውን ለልጁ ስማቸውን ሳልጠራ አማከርኩት። መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው። ሌላም ነገር ላይ እንዲህ ያደርጋቸዋል? ይበላሉ? ይተኛሉ? መቼ ጀመራቸው? መልሱን ሰምቶ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ መልሳቸው በሰጧቸው ቁጥር ለአንድ ሰዓት እፎይ ይላሉ። እፎይታው ራሱ ነው የሚመልሳቸው። ማረጋገጫ በጠየቁ ቁጥር ማረጋገጫ ማግኘት ጥርጣሬውን ያበላዋል።» ይህ የዚያ የኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነገር መሆኑ የገባኝ ቤቴ ከሄድኩ በኋላ ነው። የሚከብደው ጭንቀት ይነሳላቸዋል፣ መጠየቁ ይደገማል።

እኔ ቸኩዬ «እንግዲያው አንተ አነጋግራቸው» አልኩት።

«አልችልም» አለኝ። «እኔ የተማርኩት ይህ ምን እንደሚባልና ወደ ማን እንደሚላክ ነው። ማከም አልተማርኩም። ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዚያ ይሂዱ። ከፈለጋችሁ አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ካርድ አወጣለሁ። ማከም ግን አይገባኝም።»

እኔ ልጁ መማሩን ያመንኩት ያን ቀን ነው። ሥራ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሳይኮሎጂስት» እያለ ይጠራዋል፣ የመስጂድ ኡስታዝ ቁጭ ብሎ ይለምነዋል። «እሺ» ማለት ምን ያህል ይቀል ነበር! ስንቱ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ቴሌግራም ላይ «የሥነ ልቦና አማካሪ» ብሎ ገጽ ከፍቶ በሰዓት የሚያስከፍል አለ? የሰው ትዳር የሚያፈርስ፣ መድኃኒት የጀመረን ሰው «አቁመው፣ አስተሳሰብህን ለውጥ» የሚል አለ። በሕክምና ሳይታወቅ ሕክምና የሠራ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ሸሪዓችንም ያውቃል፤ ፉቀሃዎች በዚህ ላይ ተናግረዋል። «አላውቅም» ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ይህን ቃል በተግባር ከአንድ የ23 ዓመት ልጅ አፍ ስሰማው፣ የትኛው ፈተና ላይ ስንት ነጥብ ያስገኝለታል ብዬ አሰብኩ።

ኢማማችን ጉዳዩን ሲሰሙ አባትየውን ጠሯቸው። «አባቴ፣ የእኔ መልስ ነገም ይኸው ነው፣ ከነገ ወዲያም ይኸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ውዱእ አይጠይቁኝ፣ አልመልስልዎትም። ይህን ስል ስለምወድዎ ነው» አሏቸው። አባትየው ተከፉ። ሁለት ጁሙዓ ሌላ መስጂድ ሰገዱ። በኋላ ከወንድማችንና ከልጃቸው ጋር ሆስፒታል ሄዱ። አሁንም ይመላለሳሉ፤ ድነዋል አልልም። እጃቸው ላይ ያለው ቁስል ግን ደርቋል፤ አልሐምዱሊላህ።

በዚህ ምክንያት እኛ ጋ አንድ ነገር ጀምረናል። ትልቅ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ሳይኮሎጂ የተመረቁ ወይም በመማር ላይ ያሉ የጀመዓችን ልጆች ተራ በተራ ከተማሩት አንድ ነገር ለአባቶችና ለእናቶች ያስረዳሉ። መስፈርቱ አንድ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል አይፈቀድም። ያ «ሐሳብን ለሌላ ማስተላለፍ» የሚባለው ግብ መሆኑ ነው። ቀላል መሰላችሁ? የመጀመሪያው ልጅ «ዲፕሬሽን» ሳይል ዐሥር ደቂቃ መናገር አቅቶት ላብ በላብ ሆነ። «ድብርት» ሲል አንድ አባት «ድብርትማ እኔም ሲዘንብ ይጫነኛል» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ፣ ልጁ ከዚያ መውጣት አልቻለም። ወንድማችን፣ ያ የመጥረጊያው ልጅ፣ ትንሽ ተሻለ።

ከሁሉም የተሻለችው አንዲት እህት ናት። በሴቶች በኩል ስለሆነ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። እናቶች ከብበዋት ሳለ አንዷ «ልጄ፣ አንድ ሰው ለሱብሒ መነሳት ቢያቅተው ስንፍና ነው ወይስ በሽታ? እኔ ልጄን በየቀኑ እየተሳደብኩ ነው የምቀሰቅሰው» አሏት። እህታችን ትርጉም አልዘረዘረችም። «እማማ፣ ለሌላውስ ነገር ይነሳል? ድሮ ደስ የሚለው ነገር አሁንም ደስ ይለዋል? ኳሱ፣ ጓደኞቹ? ምግቡስ? እንዲህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎታል?» አለቻቸው። እናትየዋ ጣታቸውን ሲያጥፉ ቆዩና «ኳሱንም ትቷል» ብለው አለቀሱ። እህታችን እጃቸውን ይዛ ዝም አለች። ባለቤቴ «ረጅም ሰዓት ዝም አለች» ነው ያለችኝ። ከዚያ ልጁን የት እንደሚያሳዩት፣ ማክሰኞ መሄድ እንደሚሻል፣ እስከዚያ ድረስ እንዳይሳደቡት ነገረቻቸው።

ይህች እህት የመውጫ ፈተናዋን በሁለተኛው ሙከራ ነው ያለፈችው። በመጀመሪያው ጥቂት ነጥብ ጎድሏት ነበር። ሥራ ገና አላገኘችም፤ አጎቷ ሱቅ ውስጥ ካርድና ቻርጀር ትሸጣለች። እናቶቹ አሁን ቅዳሜን አይጠብቁም፣ ሱቁ ድረስ እየሄዱ ይጠይቋታል። አጎትየው «ደንበኛ ነው ብዬ ስደሰት ሁሉም ሊያለቅስ ነው የሚመጣው» ብለው ለኢማማችን ስሞታ አቅርበዋል። ሸኻችን መስጂዱ ውስጥ በሴቶች በኩል አንዲት ክፍል ሊያስለቅቁላት ከኮሚቴው ጋር እየተነጋገሩ ነው።

ወላሁ አዕለም።